ከሞተር ክፍል የወጣው ኤቫሪስቶ

ኤቫሪስቶ የዕድሜውን ግማሽ በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ላይ አሳልፎ፣ ሕይወት ያለው ዓሣ ነባሪ አይቶ አያውቅም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። የሚስቀው ግን መርከብ ላይ ሠርቶ የማያውቅ ነው። በመርከብ ሆድ ውስጥ የሚውል ሰው ባሕሩን የሚያውቀው ብረቱን ሲደበድበው ብቻ ነው። ኤቫሪስቶ ደግሞ የመርከባችን የሞተር ኃላፊ ነበር። እኛ ስናሳድድ እሱ ታች ነው፤ ካፒቴኑ ሲተኩስም እሱ ታች ነው። እንስሳው ሞቶ፣ እንዳይሰምጥ በአየር ተነፍቶ፣ በጅራቱ ከመርከቧ ጎን በሰንሰለት ከታሰረ በኋላ፣ ኤቫሪስቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ ይላል። የሚያየውም የተገለበጠ ነጭ ሆድና በላዩ የሚንጫጩ የባሕር ወፎችን ነው። አንድ ሲጋራ አጭሶ ተመልሶ ይወርዳል።

እኔ ሞንቾ እባላለሁ። በዚያችው መርከብ ላይ ቃኚ ነበርኩ። ሥራዬ ምሰሶው ጫፍ ላይ በተሰቀለች በርሜል ውስጥ ቆሞ ባሕሩን ማየት፣ የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ከሩቅ ሲታየኝም መጮህ ነበር። ከሁሉም በላይ እኔ፣ ከሁሉም በታች ኤቫሪስቶ፤ የምንገናኘው በምሳ ሰዓት በምግብ ክፍሏ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጆሮው በሞተሩ ድምፅ ስለደነዘዘ የሚያወራው እየጮኸ ነው።

«ዛሬ ምን አየህ?» ይለኛል።

«ሦስት። አንደኛው ሲተነፍስ ከቤተ ክርስቲያናችን ደወል ማማ በላይ ወጣ።»

«ውሸታም!»

«እናቴ ትሙት!»

«እናትህን ከዓሣ ጋር አታነካካ! ይልቅ ዳቦውን አቀብለኝ።»

ሁሌም እንዲህ ነበርን። እሱ አያምነኝም፣ እኔም ሳልጨምርለት አላወራም።

መርከቧ የምታርፈው ፊስቴራ ከምትባለው የምድር ጫፍ ወዲህ ባለችው ወሽመጥ፣ እንስሳቱ የሚበለቱበት ፋብሪካ ሥር ነበር። የኤቫሪስቶ ሚስት ዶሲንዳ እዚያ ትሠራ ነበር። እስከ ጉልበቷ ጎማ ጫማ አድርጋ፣ ረጅም ቢላዋ ይዛ ስጋ የምትቆራርጥ፣ ክንዷ የወንድ ክንድ የሚያህል፣ ሳቋ ከወፎቹ ጩኸት በላይ የሚሰማ ሴት ነበረች። እሁድ እሁድ ሴዬ ወደምትባለው ከተማ ገበያ ስትሄድ ሽታዋን የሚሸሹ ሴቶች ነበሩ። «ሽታው የዳቦ ነው እህቶቼ፣ ልመዱት!» እያለች በመካከላቸው ታልፋለች።

አገሪቱን ሲገዛ የኖረው ፍራንኮ ከሞተ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በአንድ በጋ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች መርከብ ወደ ባሕራችን መጣች። የተሳፈሩባት ከየአገሩ የተሰባሰቡ ወጣቶች ነበሩ። ዓሣ ነባሪ አይገደልም ይላሉ ተባለ። በመንደራችን የፑራ መጠጥ ቤት ያልተወራ ነገር አልነበረም። አንዱ ሰላዮች ናቸው ይላል፤ ሌላው ሥራ የሌላቸው የሀብታም ልጆች ናቸው ይላል። ካፒቴናችን ዶን ሊሳርዶ ነበር፤ ጦር የሚወረውረውን የመርከቧን መድፍ የሚተኩሰውም እሱ ራሱ ነው። ወይኑን ጨልጦ ጽዋውን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«እነሱ ዓሣ ነባሪ ይወዳሉ አሉ። ጥሩ። እኔ ደግሞ ልጆቼን እወዳለሁ። እናያለን።»

አየን። ከወሽመጡ በወጣን ቁጥር አረንጓዴዋ መርከብ ትከተለናለች። እኔ ከበርሜሌ «ትንፋሽ!» ብዬ ስጮኽ እነሱም ይሰሙኛል መሰለኝ፣ ሁለት የጎማ ጀልባዎች ከጎኗ ወርደው እንደ ንብ እያጓሩ ይመጣሉ። ዶን ሊሳርዶ መድፉን ባነጣጠረ ቁጥር በመድፉና በእንስሳው መካከል ይገቡበታል። የመድፉ ጦር ወፍራም ገመድ እየጎተተ የሚሄድ፣ ጫፉ ላይ የሚፈነዳ ነገር የታሰረበት የብረት ግንድ ነው። ልጆቹ ደግሞ በዚያ ፊት ልባቸው የሚደልቅበትን ደረት ይዘው ይቆማሉ። እብዶች ናቸው ብለን ሰደብናቸው። በውሃ ጎማ ረጨናቸው። ወጥ ቤታችን የበሰበሰ ሽንኩርት ወረወረባቸው። ከእነሱ ውስጥ ኢዳሊና የምትባል የፖርቱጋል ልጅ ነበረች፤ ቋንቋዋ ከእኛው ጋር ስለሚቀራረብ የምትለውን ሁሉ እንሰማ ነበር። አንዱን ሽንኩርት በአየር ላይ ቀለበችና፣

«እግዜር ይስጥልን! ለሾርባው ድንች ብቻ ነው የጎደለን!» ብላ ጮኸች።

ወጥ ቤቱ ሳያስበው ሳቀ፤ ካፒቴኑ በክርኑ ደቆሰው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኤቫሪስቶ ታች የሚያውቀው ደወሉን ብቻ ነው። ካፒቴኑ ከላይ በደወል ያዘዋል፦ ሙሉ ፍጥነት፤ ቁም፤ ወደ ኋላ፤ ደግሞ ሙሉ ፍጥነት። አንድ ቀን ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ መሰላሉን ወጣ።

«ደወሉን ማን ነው የሚጫወትበት? ሞተሬን ልትገድሉት ነው?»

«ልጆቹ ናቸው ኤቫሪስቶ፣ መንገድ እየዘጉብን ነው» አልኩት።

«ታዲያ ዞር በሉ በላቸዋ!»

«ብለናቸዋል።»

«ጮክ ብለህ በላቸው!» አለና ተመልሶ ወረደ።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ ነው። ጠዋቱ ጸጥ ያለ፣ ባሕሩ የዘይት መልክ ያለው ነበር። በስተ ምዕራብ ግን የጭጋግ ግድግዳ ቆሞ ወደ እኛ ይገፋ ነበር። ከበርሜሌ ሆኜ ትልቅ ትንፋሽ አየሁ፤ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቀጭንና ረጅም። በዚያ ዓመት ካየኋቸው ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ከጀርባው ርዝመት አወቅሁ። ጮኽኩ፣ መርከቧም ተስፈንጥራ ተነሳች። ብዙም ሳይቆይ ኢዳሊናና ዊም የሚባል ቀይ ጺም ያለው የሆላንድ ልጅ በጎማ ጀልባቸው ከፊታችን ገቡ። ወደ ግራ ስንል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስንል ወደ ቀኝ። እንስሳው ጠለቀ። በዚህ መሃል የጀልባዋ ሞተር ሁለት ጊዜ አሳለና ጸጥ አለ። ልጆቹ በቀጥታ ከመርከባችን አፍንጫ ፊት፣ እኛ በሙሉ ፍጥነት እየመጣንባቸው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ዶን ሊሳርዶ ከመድፉ ዘሎ ወደ ደወሉ ሲሮጥ አየሁት። እንዲያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። መርከቧ ከሆዷ ጀምሮ ተንቀጠቀጠች፣ ከኋላዋ ውሃው ፈላ። ታች ኤቫሪስቶ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ለምን ሳይል፣ ያንን የሚያህል ሞተር በአንድ ትንፋሽ ወደ ኋላ መለሰው። መርከቧ የቆመችው ልጅቷ እጇን ብትዘረጋ የመርከቧን አፍንጫ መንካት በምትችልበት ርቀት ላይ ነበር።

ያኔ ጭጋጉም ደረሰብን፤ አረንጓዴዋ መርከብ ከዓይናችን ጠፋች።

«እዚሁ ትተናቸው እንሂድ» አለ ወጥ ቤቱ። «ሽንኩርታቸውን እየበሉ ይጠብቁ።»

ዶን ሊሳርዶ ዞሮ እንኳ አላየውም። «ሞተሩ ይጥፋ። ኤቫሪስቶን ጥሩት» አለ። ከዚያ ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ ጮኸ፦ «እናንተ! መሰላል እንጥላለን፣ ውጡ!»

«አንወጣም!» አለች ኢዳሊና። «ዓሣ ነባሪው እስኪርቅ ከዚህ አንነቃነቅም!»

«መነቃነቁንስ መቼ ቻልሽበት!» አለ አንዱ፤ መርከቧ በሙሉ በሳቅ ተናጋች። ከድንጋጤ በኋላ የሚመጣ ሳቅ ነበር፤ ልጅቷም ጭምር ሳቀች።

ኤቫሪስቶ ዓይኑ በብርሃኑ እየተጭበረበረ ወጣ። ወደ ጎማ ጀልባዋ ሞተር አየና አፉን አጣመመ።

«ምንድን ነው እሱ? የልብስ ስፌት መኪና ነው?»

«ጠግነው» አለ ካፒቴኑ። «ሠርተህላቸው ይጥፉልኝ።»

ኤቫሪስቶ የዕቃ ሣጥኑን በገመድ አንጠልጥሎ የገመድ መሰላሉን ወረደ። ዊም ለልጅቷ በሚግባቡበት ቋንቋ አንድ ነገር ሲላት፣ «ሊሰብርብን ነው» እንዳላት ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

«አጎቴ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«ላስነሳልሽ ነዋ! እዚህ ተገትረሽ መንገድ ከምትዘጊብኝ ተነስተሽ ብትሄጂ ለኔ ይሻለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ይዛችሁ ነው እንዴ ባሕር የምትወጡት? እናትሽ ታውቃለች?»

ክዳኑን ከፈተ። ውሃ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሏል፤ ካንዴላዎቹ ረጥበዋል። እያጉተመተመ መፍታት ጀመረ። ሲሠራ ሁሌም ያጉተመትማል፤ ጆሮው ስለማይሰማው የሚያጉተመትም አይመስለውም። በጸጥታው ውስጥ እኔም በርሜሌ ድረስ እሰማው ነበር።

«ስንቱን ገደላችሁ?» አለችው ልጅቷ።

«ምን?»

«ስንት ዓሣ ነባሪ ገደላችሁ?»

«እኔ አንድም አልገደልኩም። እኔ ሞተር ነው የማሽከረክረው።»

«ሞተሩስ ማንን ነው የሚያሳድደው?»

ኤቫሪስቶ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጎንበስ አለ። «ካቻቢቴውን አቀብይኝ፤ ትንሹን» አለ።

በዚህ ጊዜ ነው ወደ ታች ያየሁት። ጭጋጉ ከላይ ቢጋርደንም ቀጥታ ከሥሬ ያለው ውሃ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ከጎማ ጀልባዋ በታች፣ ጥልቁ ውስጥ፣ አንድ ነጭ ነገር አየሁ። የዚህ ዓይነቱ ዓሣ ነባሪ በቀኝ በኩል ብቻ መንጋጋው ነጭ ነው፤ እሱን ነበር የማየው። ነጩ ቀስ እያለ ሰፋ። ከኋላው ጥላው መጣ፤ ጥላው ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም፣ ከመርከባችን ሥር ገብቶ በሌላኛው በኩል ወጥቷል። መጮህ ሥራዬ ነው። ለዓመታት ስጮኽ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን አፌ ተከፍቶ ድምፅ አልወጣኝም።

ከጎማ ጀልባዋ ጎን ወጣና ተነፈሰ።

ትንፋሹ ሰማይ ደረሰና በሦስቱ ሰዎች ላይ ዝናብ ሆኖ ወረደ። ኤቫሪስቶ ጀርባው በመርጠቡ እኛ በጎማ የረጨነው መስሎት፣ «እናንተ የውሻ ልጆች፣ እኔ እኮ እዚህ...» እያለ በቁጣ ዞረ። ቃሉ እዚያው ቀረ። በፊቱ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ጥቁር ግራጫ ግድግዳ ቆሞ ነበር። በግድግዳው ላይ ዓይን አለ። ዓይኑ ያየዋል።

እኔ ብዙ ዓሣ ነባሪ አይቻለሁ፤ ያየኋቸው ሁሉ ግን ሲሸሹ ነው። ከላይ ያየሁት ጀርባቸውን፣ ከእኛ የሚርቀውን ነው። ይህኛው አልሸሸም። ከሚያሳድዱት የብረት መርከብ ሥር፣ ከመድፉ አፍ በታች፣ በዝግታ በጎኑ ጋደም ብሎ እነዚያን ሦስት ሰዎች ተመለከታቸው። ጀልባዋ ጫፏ ጀርባውን ነካና ዘንበል አለች፤ ካቻቢቴው ከኤቫሪስቶ እጅ ወጥቶ ባሕር ገባ። ዊም በጉልበቱ ተንበረከከ። ኢዳሊና፣ ስንት ቀን ስለ ዓሣ ነባሪ ስትጮኽብን የከረመችው ልጅ፣ የኤቫሪስቶን ቱታ በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛለች። እሷም እንዲህ በቅርብ አይታ እንደማታውቅ ያኔ ገባኝ።

ከመርከቧ ላይ ዶን ሊሳርዶ ብቻ ነበር የተንቀሳቀሰው። መድፉ ጎርሷል። እንዲህ ያለ ዒላማ በሕይወቱ አግኝቶ አያውቅም። መድፉን ዝቅ አደረገና አነጣጠረ።

«ኤቫሪስቶ!» አለ፤ በጩኸት ሳይሆን በታፈነ ድምፅ። «ዝቅ በል! ተኛ!»

ኤቫሪስቶ አልተኛም። ቀስ ብሎ ተነስቶ ቆመ። የጎማ ጀልባ ውስጥ መቆም ቀላል አይደለም፤ እግሩን ዘርግቶ፣ እየተወዛወዘ፣ በመድፉና በእንስሳው ዓይን መካከል ቆመ። ከዚያ ግራሶ የጠጣች ቆቡን ከራሱ ላይ አወለቀ። ቀብር ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆመን እንደምናወልቀው ዓይነት ነበር፣ ወይም የቅድስት ማርያም ሥዕል በጀልባ ወደብ ስትገባ። ቆቡን ደረቱ ላይ ያዛት፣ በራው በጭጋጉ ብርሃን ያበራል። መቼም ይህን ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ቆብ ሲያወልቅ ካህኑ ሁለት ጊዜ ካልተቆጡት አይቼው አላውቅም።

እንስሳው እንደገና ተነፈሰ። ከዚያ ማለፍ ጀመረ። ራሱ አለፈ፣ ጎኑ አለፈ፤ አለቀ ስል አያልቅም፣ ያልፋል፣ ያልፋል፣ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ መጣች፣ ደግሞ ያልፋል። ጅራቱ ጀልባዋን በአንድ ስንዝር ርቀት ሳይነካት ከሥሯ ተሻገረ። ምንም ሳይረጭ ሰጠመ። በነበረበት ቦታ ውሃው ክብና ለስላሳ ሆኖ ቀረ፤ ክቡ እስኪጠፋ ድረስ ሁላችንም እሱን እያየን ቆምን።

ዶን ሊሳርዶ ከመድፉ እጁን አንስቶ ሲጋራ ለኮሰ። ክብሪቱ ሦስት ጊዜ ጠፋበት።

ኤቫሪስቶ ጀልባዋ ወለል ላይ ቁጭ አለ። ኢዳሊና የኪስ ቢላዋ አወጣችና ሰጠችው፤ በእሱ ጫፍ ቀሪውን ብሎን አጠበቀ። ገመዱን ሳበው፤ ሞተሩ ተነሳ። ማንም ደስ አላለውም፤ ከዚያ ጸጥታ በኋላ ድምፁ አስጠላን።

ጭጋጉ ስለነበረ ልጆቹን ብቻቸውን አልለቀቅናቸውም። ካፒቴኑ ጥሩምባውን እያስነፋ አብረናቸው ቆምን፤ በመጨረሻ የአረንጓዴዋ መርከብ ጥሩምባ መለሰልን። ልጅቷ ልትሄድ ስትል ቀና ብላ፣

«ነገም እንመጣለን!» አለች።

«ነገ ከመጣችሁ ባሕሩን ነው የማጠጣችሁ!» አለ ዶን ሊሳርዶ።

«እሺ አባባ! አጎቴ ኤቫሪስቶ፣ እግዜር ይስጥልኝ!»

ኤቫሪስቶ መሰላሉ ላይ ተንጠልጥሎ እጁን አነሳላት።

በምሳ ሰዓት አልበላም። ወጥ ቤቱ ሾርባውን ከፊቱ እያስቀመጠ ይተርበው ጀመር፦ «በቃ ቀየሩህ! ከነገ ጀምሮ ጸጉርህን አሳድግ... ካገኘኸው!» ሌሎቹ ሳቁ። ካፒቴኑ ገብቶ በር ላይ ቆመና ሳቁ ቆመ።

«ዝቅ በል ስልህ አልሰማህም?» አለው።

«ጆሮዬን እኮ ያውቁታል፣ ዶን ሊሳርዶ።»

«ጆሮህን አውቀዋለሁ። የምጠይቅህ ሰምተህ እንደሆነ ነው።»

ኤቫሪስቶ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሰምቻለሁ» አለ።

ዶን ሊሳርዶ ሊያባርረው ይችላል፤ ከዚህ ባነሰ ያባረረው ሰው አውቃለሁ። በመጨረሻ «ሂድ ወደ ሞተርህ» አለና ወጣ። ያ ነገር ከዚያ በኋላ በመካከላቸው አልተነሳም።

ማታ አብረን ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ክንዴን ያዘኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ ነበር ያወራኝ።

«ሞንቾ፣ ሰማሁት።»

«ምኑን?»

«ድምፅ አለው። አንተ ከላይ ሆነህ አይሰማህም። በጆሮዬ አይደለም፣ እዚህ ነው» አለና ደረቱን መታ። «ትልቅ ሞተር በዝግታ ሲዞር እንደሚሰማው። ግን እንከን የለበትም። አንድም የሚንኳኳ ነገር የለም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።»

ውሸታም ልለው አስቤ ነበር፤ በየምሳው ሲለኝ የኖረውን ልመልስለት። አልቻልኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰውየው ቅዱስ ሆነ እያልኩ አይደለም። በሳምንቱ ሌላ ገደልን፤ ሞተሩን ያሽከረከረው ኤቫሪስቶ ነው። እንስሳው በሰንሰለት ሲታሰር ኤቫሪስቶ ወጣ፤ እንደ ድሮው ሲጋራ አልለኮሰም። በመርከቧ ጠርዝ ዞሮ የእንስሳው ራስ ወዳለበት ሄደ፣ በሆዱ ተኝቶ ወደ ውሃው ተንጠራርቶ ዓይኑን ፈለገ፣ ከዚያ ወረደ። ዓመታት አልፈው አደኑ በሕግ ቆመና ፋብሪካው ሲዘጋ እሱም እንደ ሁላችን ተራገመ። መብላት አለበት፤ ሌላ ሥራ የት አለ? ወደብ ላይ የሰርዲን ጀልባዎችን ሞተር ይጠግን ጀመር። ዶሲንዳ ዓሣ በቆርቆሮ የሚታሸግበት ቤት ገባች።

ስለዚያ ቀን ለሚስቱ ሊነግራት ሞክሮ እንደነበር ያወቅሁት ከእሷው ነው። ባለፈው ዓመት ኤቫሪስቶን ከቀበርነው በኋላ ቤቷ ሄጄ ቁጭ ብለን ነገረችኝ።

«ያን ማታ ገብቶ፣ 'ዶሲንዳ፣ ይተነፍስ ነበር' አለኝ። እኔም፣ 'ሳንባውን በእጄ እየጎተትኩ ነው የምውለው፣ አራት ሴት ነው የሚያነሳው፣ ምን አዲስ ነገር አለው?' አልኩት። ተናደደ። 'አልገባሽም' አለኝ። ሦስት ቀን አኮረፈኝ፣ አስበው! ለዓሣ!»

ጡረታ ከወጣ በኋላ ትንሽ ጀልባ ገዛ። በየበጋው ዶሲንዳን ይዟት ወደ ምዕራብ ይወጣ ነበር። ዶልፊን ያያሉ፣ ወፍ ያያሉ፣ የያዙትን ዳቦና ወይን ጨርሰው ይመለሳሉ። እሷ ፀሐይዋን ትሰድባለች፤ «የዓሣ ነባሪ ሽታ ለመሸሽ ጡረታ ወጥቼ፣ ይኸው በጀልባ ይፈልግልኛል» ትላለች። አሥር ጊዜ ወጥተው ዘጠኙን ምንም አላዩም፤ አሥረኛውንም ምንም አላዩም። እንደዚያ ዓመታት ሄዱ።

«አንድ መስከረም ላይ» አለችኝ፣ «እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ መንጠቆ ሲፈታ እኔ አየሁት። ሩቅ ነበር። እንደ ጭስ ወጣ፤ ድምፁ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ከዚያ ሌላ። ሌላ። ስንት እንደሆኑ እንጃ። ስሙን መጥራት አቃተኝ ሞንቾ፤ ጀርባውን በጡጫ መታሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞተሩን አጥፍቶ ቆምን። ወደ እኛ መጡ፤ አንዱ በጎናችን አለፈ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ከውስጡ ቆሜ ስሠራ፣ ትልቅነቱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር» አለችና እነዚያን ትልልቅ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየቻቸው። «ፀሐይ እስክትገባ እዚያው ቆየን። ኤቫሪስቶ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም፤ አንተ ታውቀኛለህ፣ እኔ ዝም ብዬ አላውቅም። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እጁን ይዤው ነበር።»